«ንጉሥ» እና «ኖጌሥ»፦ መልካቸው ስለሚመሳሰል ቃላትና ስለ ጥንታውያን የግሥ ቅርጾች የቀረበ ሂስ

ኢሳይያስ 53፥7ን በዕብራይስጥ ማንበብ የሚጀምር ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ቃል ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ቃሉ «ኒጋሥ» ነው። ተነባቢዎቹ ነ፣ ገ፣ ሠ ናቸው፤ የእኛ «ነገሠ» እና «ንጉሥ» የተሠሩትም ከእነዚሁ ከሦስቱ ነው። ካረምኳቸው የትርጓሜ ወረቀቶች አንዱ ስብከቱን በሙሉ በዚህ ቃል ላይ አቁሞት ነበር። የተማሪው ክርክር የሚከተለው ነው፦ ተርጓሚዎቻችን ቃሉን በመጨነቅ የተረጎሙት ዕብራይስጡን ከግዕዝ ጋር ስላላስተያዩት ነው፤ ነቢዩ ግን ባሪያው በመከራው ሰዓት ነገሠ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ አማኝ በመከራ ውስጥ ይነግሣል እንጂ አይጨነቅም። ወረቀቱ ባማረ አማርኛ የተጻፈ ነበር። ከመድረክ ቢነገር ብዙ «አሜን» እንደሚያስነሣ አልተጠራጠርኩም፤ ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ሰባኪ ወይም የነገረ መለኮት ተማሪ ከሆኑ ይህን የመሰለ ክርክር ሰምተዋል፤ ምናልባትም ተጠቅመውበታል። እኔ ተጠቅሜበታለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ እነግርዎታለሁ። የሴም ቋንቋ ተናጋሪ መሆን ለብሉይ ኪዳን አንባቢ በረከት ነው። አንድ እንግሊዛዊ ተማሪ ዕብራይስጥ ሲጀምር ሁሉም ነገር እንግዳ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት ይገልጣል። እኛ ግን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት የምናውቀው ሰው ያየን ይመስለናል። የመሰለንን ሁሉ ስሙን ጠርተን ሰላም ማለት እንጀምራለን።

ከተማሪው ወረቀት ልነሣ፤ ምክንያቱም በአንድ ነገር ትክክል ነበር። «ኒጋሥ» እና «ነግሠ» በእውነት ዘመዳሞች ናቸው። የዕብራይስጡ ሢን በግዕዝ «ንጉሡ ሠ» ከምንለው ፊደል ጋር በመደበኛነት ይገጥማል፤ የፊደሉ ስም ራሱ ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። ዝምድናው ግን የት ድረስ ይወስደናል? በዕብራይስጥ «ኖጌሥ» ማለት አስጨናቂ፣ በግድ የሚያሠራ አለቃ ነው። በዘጸአት 3፥7 እና 5፥6 በግብፅ እስራኤልን ጭቃ ያስረገጡት የፈርዖን ሹማምንት በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። አንድ ሥር ነበር፤ በአንዱ አገር ጅራፍ ጨበጠ፣ በሌላው አገር ዘውድ ጫነ። ለዚህም አንዱ ሌላውን ፈቃድ አልጠየቀም።

አሁን የተማሪውን ደንብ ወደ ኋላ እናስኪደው። የግዕዙ ትርጉም ዕብራይስጡን የሚወስን ከሆነ፣ የዕብራይስጡም ግዕዙን መወሰን አለበት። እንግዲያው ንጉሠ ነገሥት የአስጨናቂዎች አለቃ ሊባል ነው፤ በመዝሙራት እግዚአብሔር ነገሠ ተብሎ በግዕዝ የተዘመረው ሁሉ ወደ ጭቆና ሊዞር ነው። ተማሪው ይህን እንደማይቀበል አውቃለሁ፤ እርስዎም አይቀበሉትም። በምንወደው አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ደንብ ደንብ አይደለም፤ ምኞት ነው። በዚህ ጥቅስ ላይ ደግሞ ምኞቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። የታመመ፣ የታሰረ፣ ልጁን የቀበረ ሰው በኢሳይያስ 53 የሚያገኘው አንድ ነገር ቢኖር ጌታው ራሱ እንደ እርሱ መጨነቁን ነው። እሱን ወስደን ዘውድ ብንሰጠው፣ የሰጠነው ሳይሆን የወሰድንበት ይበልጣል።

ከዚህ የባሰ አለ። «ኒጋሥ» ቢያንስ የሥጋ ዘመድ ነው። ዘመድ ሳይሆን መልክ ብቻ የሚመሳሰልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምሳሌዬም ራሱ «መልክ» የሚለው ቃል ነው። በዘፍጥረት 1፥26 ሰው የተፈጠረው በእግዚአብሔር «መልክ» እንደሆነ የ1954 ዓ.ም. ትርጉማችን ይናገራል። ዕብራይስጥ ደግሞ ንጉሥን «ሜሌክ» ይለዋል። መ፣ ለ፣ ከ ተገጣጠሙ፤ ስለዚህ በእግዚአብሔር መልክ መፈጠር ንጉሥ ሆኖ መፈጠር ነው የሚል ትምህርት ከመድረክ ሰምቻለሁ። የሚከተለውንም ያውቁታል፦ ንጉሥ አይቸገርም፣ ንጉሥ አይለምንም፣ ንጉሥ ያዝዛል።

የዕብራይስጡ ጥቅስ ግን «ሜሌክ» የሚል ቃል የለበትም። ያሉት ቃላት «ጼሌም» እና «ድሙት» ናቸው። የእኛ «መልክ» ደግሞ ከግዕዙ «መልክዕ» የመጣ ነው፤ አማርኛ የዋጠው አራተኛ ፊደል፣ ዓይኑ ዐ፣ መጨረሻው ላይ አለ። መልክዐ ማርያም፣ መልክዐ ኢየሱስ የሚባሉትን የግዕዝ ድርሰቶች ስም የሰማ ሰው ፊደሉን አይቶታል። የ«ሜሌክ» እውነተኛ ዘመዶች በግዕዝ «መለከ»፣ «አምላክ» እና «መለኮት» ናቸው። «መልአክ» እንኳ ከእነሱ ወገን አይደለም፤ እሱ ላከ ማለት ከሆነው «ለአከ» የተገኘ የ«መልእክት» ወንድም ነው። (እዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን፦ የዕብራይስጡ «ማልአክ» እና የእኛው «መልአክ» በመልክም በትርጉምም አልተለያዩም። የሚመሳሰል ሁሉ ያታልላል ማለቴ አይደለም።)

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሰባኪው ስለ ግዛት መስበክ ከፈለገ ቃል መስረቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ዘፍጥረት 1፥26 ራሱ በዚያው ዐረፍተ ነገር ሰው እንዲገዛ ይናገራል። ግን በጽሑፉ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ጽሑፉ ገደቡን አብሮ ይነግረው ነበር፦ የባሕር ዓሦች፣ የሰማይ ወፎች፣ እንስሳት፣ ምድር። በዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ የባንክ ደብተርም የለም። ከጽሑፉ ተነቅሎ የወጣ ሥርወ ቃል ዐውድ የለውም፤ ዐውድ ስለሌለውም አጥር የለውም። የሚወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በአገልግሎቴ የመጀመሪያ ዓመታት «ማረ» እና «ተማረ» አንድ ቃል ናቸው ብዬ ሰብኬ ነበር፤ እግዚአብሔር የሚምረው የሚያስተምረውን ነው፣ ያልተማረ አልተማረም እያልኩ ቃሉን እያገላበጥኩ ተጫወትኩበት። ጉባኤው ወደደው። ስንወጣ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ጥሩ ሰብከሃል። ግን ያ ምሕረትህ በየትኛው ሀ ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ ዛሬ በየትኛውም ይጻፋል» አልኳቸው። «መጻፉንማ ይጻፋል። ትምህርት ግን በሃሌታው ሀ ነው፤ ምሕረት በሐመሩ ሐ። ሁለት ቤት ነበሩ፤ ግድግዳው ሲፈርስ ጊዜ አንድ ቤት መሰለህ» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። በግዕዝ «መሀረ» አስተማረ ነው፣ «መሐረ» ራራ ነው። አማርኛ ሁለቱን ጉሮሯዊ ድምፆች ሲያጠፋ ቃላቱ ተደራረቡ። ለነገሩ ግዕዝ ማወቅም አያስፈልገኝም ነበር፤ የእናቴን አማርኛ ማስታወስ ይበቃኝ ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ነፍስ ይማር» የሚል ሰው ሟቹ ትምህርት ቤት ይግባ ማለቱ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቃል። መድረክ ላይ ስንወጣ ግን የምናውቀውን አማርኛ እንረሳለን።

የፊደል ይቀነስ አይቀነስን የቆየ ክርክር እዚህ አላነሣም። ብቻ ሽማግሌው የጠየቁኝን ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቁ ጥንዶች ብዙ ናቸው። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው፤ «ምሥራቅ» ከእሱ ነው። «ሰረቀ» የሌባ ነው። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ። በድሮ ብራናዎች ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እነዚህን ፊደሎች ያቀያይሩ ስለነበር አጻጻፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቋንቋን ከቋንቋ ማስተያየት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ዐረብኛ ፀሐይ ስትወጣ በ«ሸ»፣ ሌባ ሲሰርቅ በ«ሰ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ስለጠበቀ የእኛንም ልዩነት ጥንታዊነት ይመሰክርልናል። እንዲህ ያለው ንጽጽር ድንበር ያስከብራል፤ የኛ ስብከት ግን ድንበር ለማፍረስ ነው የሚጠቀምበት።

ስለ ቤተ ልሔም ባጭሩ። በዕብራይስጥ «ሌሔም» እንጀራ፣ ዳቦ ነው፤ በዐረብኛ «ላሕም» ሥጋ ነው። በዱባይ ወይም በቤይሩት ሰው ቤት የሠራች እህት ይህን ከማንኛውም የቋንቋ መምህር ቀድማ ታውቀዋለች። አማርኛ ደግሞ «ላም» አለው፤ በገና ሰሞን ግርግሙን አስታኮ «የላም ቤት» የሚል ፍቺ ብቅ ይላል። የግዕዙ «ላህም» በሃሌታው ሀ ነው፣ «ሌሔም» በሐመሩ ሐ፤ አይገናኙም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት «ቤተ ልሔም» መባሉ የእንጀራውን ትርጉም ጠብቆ ያቆየ ነው።

እስካሁን ያነሣኋቸው በአብዛኛው ስሞች ናቸው። ግሦች ዘንድ ስንመጣ የሚያሳስተው የቃሉ መልክ ብቻ አይደለም፤ የጊዜው መልክም ያሳስታል። ግዕዝ የጀመረ ተማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ከፊቱ «ይ» ያለበት ግሥ ገና ያልተፈጸመን ነገር እንደሚናገር ነው፦ ነገረ፣ ይነግር፤ ቀተለ፣ ይቀትል። ከዚያ ወንጌልን ሲከፍት በየገጹ «ይቤ» ያገኛል። «ይ» ከፊቱ አለ፤ ትርጉሙ ግን «አለ»፣ «ተናገረ» ነው፤ ያለፈ፣ ያለቀ ነገር። ሥሩ «ብህለ» ነው፤ ለአሁንና ለወደፊት «ይብል»፣ ለትእዛዝ «ይበል» ይላል። «ይቤ» ግን ከመስመር ወጥቷል። የቆሎ ተማሪ ለምን ሳይል በቃሉ ያጠናዋል።

ብዙ የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት «ይቤ» የአንድ የጠፋ ሥርዓት ቅሪት እንደሆነ ያስተምራሉ። በጥንት ዘመን ከፊቱ ቅጥያ ያለው አጭር ግሥ ያለፈን ጊዜ ይናገር ነበር። በመስጴጦምያ ይነገር የነበረው አካድኛ ይህን ጠብቆታል፤ «ኢፕሩስ» ለየ፣ ቆረጠ ማለት ነው፣ ይለያል ማለት አይደለም። ግዕዝ ግሦቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲያሻግር ይህ አንድ ግሥ ቀረ። የቀረውም አዘውትሮ ከአፍ የማይጠፋ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ልጅ ደንቡን ከመማሩ በፊት ስለሚሰማው፣ ደንቡ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። የአማርኛው «አለ» የዚሁ ሥር ልጅ ነው፤ ብ እና ህ ወልቀውበታል። «ብሎ»፣ «በል»፣ «ተባለ» ስንል ግን ብ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ለሰባኪ ምን ይጠቅመዋል? የዕብራይስጥ ትረካ በ«ዋዮሜር» የተሞላ ነው፤ ትርጉሙ «እርሱም አለ» ነው። ግሡ ከፊቱ ቅጥያ አለው፣ ትርጉሙ ግን ያለፈ ነው። የቀድሞ ሰዋስው ጸሐፊዎች ይህን ሲያስረዱ ከፊት ያለው ፊደል ዋው ጊዜውን ይገለብጠዋል አሉ፤ «ገልባጭ ዋው» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ከስሙ ስብከት ተወለደ፦ ዋው በዕብራይስጥ ኩላብ ማለት ነው (ይህ እውነት ነው፤ በዘጸአት 27፥10 የድንኳኑ ዓምዶች ኩላቦች በዚህ ቃል ተጠርተዋል)፤ ኩላብ ምስማርን ይመስላል፤ ስለዚህ የመስቀሉ ምስማር ያለፈውን ታሪክህን ገልብጦ ወደፊትህ ያደርገዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ዋው ምንም አልገለበጠም። አጭሩ ግሥ ከመጀመሪያውም ያለፈን የሚናገር ነበር፤ «ይቤ» ዋው ሳይኖርበት ያለፈን ይናገራልና። በዘዳግም 32 የሙሴ መዝሙር ውስጥም ይህ ይታያል። በቁጥር 8 «ያጼብ»፣ ድንበርን አቆመ፤ በቁጥር 10 «ይምጻኤሁ»፣ አገኘው። ዋው የለም፣ ቅጥያ አለ፣ ትርጉሙ ያለፈ ነው። ቅጥያውን ብቻ አይቶ ወደፊት የሚተረጉም ሰው እግዚአብሔር በምድረ በዳ ያደረገውን የሚመሰክረውን መዝሙር ገና ሊያደርገው ያሰበው ያደርገዋል። ምስጋናው ወደ ተስፋ ይቀየራል፤ የሙሴ ክስ ግን የቆመው እግዚአብሔር ይህን ሁሉ አድርጎላችሁ ረሳችሁት በሚለው ላይ ነው።

የአማርኛው ሁለተኛው «አለ» ደግሞ ተቃራኒውን ያሳየናል። ተናገረ የምንልበት «አለ» ለ ላልቶ ይነበባል፤ መኖርን የሚናገረው «አለ» ለ ጠብቆ ይነበባል፤ የመጣውም ከግዕዙ «ሀለወ» ነው። ወረቀት ላይ አይለዩም። ይህ ሁለተኛው ቅርጹ ያለፈ ጊዜ ነው፣ ትርጉሙ ግን የአሁን፤ ያለፈው «ነበረ» ነው። በዮሐንስ 8፥58 ጌታ ከአብርሃም መወለድ ጋር አያይዞ «አለሁ» ሲል፣ የግሡን ቅርጽ ብቻ የሚመለከት ሰዋስው አዋቂ ያለፈ ጊዜ ነው ብሎ ሊከራከር ይችል ይሆናል። የግሪኩ «ኤይሚ» የአሁን ጊዜ ነው፤ አማርኛችንም የተረጎመው በትክክል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ማንም ሰው «ቤት አለሁ» ሲባል «ቤት ነበርኩ» ብሎ አይሰማም። ትርጉሙን የሚሰጠው አጠቃቀሙ እንጂ የቅርጹ የትውልድ ሐረግ አይደለም።

ይህን የሚጠራጠር ካለ «ዝም አለ» የሚለውን ይመልከት። ሥሩን ብንከተል የተናገረ ሰው ነው። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ቀስ አለ»፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። በኢሳይያስ 53፥7 በሸላቾቹ ፊት ያለችው በግ በአማርኛ የተገለጠችው በዚሁ ግሥ ነው። በተማሪዬ ደንብ ብንሄድ ንጉሥ ሆኖ የተቀመጠው ባሪያ ከበጓ ጋር ይነጋገር ነበር።

በመዝገበ ቃላት አጠቃቀማችን ላይ አንድ ቃል ልጨምር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ከእሳቸው ሞት በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ቃላቱ በአበገደ ተራ የተደረደሩበት፣ የዕብራይስጥና የዐረብኛ ዘመዶችም የሚጠቆሙበት ታላቅ ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንከፍተው እንደ ቁልፍ ነው፤ ከግዕዙ ቃል አጠገብ የዕብራይስጥ ዘመድ ካየን ትርጉሙ አንድ ነው ብለን እንዘጋዋለን። መዝገቡ ዘመዱን ጠቆመ እንጂ ሁለቱ አንድ ናቸው አላለም። የዲልማን (1865 እ.ኤ.አ.) እና የሌስላው (1987 እ.ኤ.አ.) መዛግብትም ከዚሁ ዓይነት አንባቢ አያመልጡም። ጄምስ ባር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ታላላቅ የነገረ መለኮት መዛግብት ሳይቀሩ ከሥርወ ቃል ትምህርት ሲያወጡ የሚሠሩትን ስሕተት አጋልጧል። መጽሐፉ በሴሚናሪዎቻችን ይጠቀሳል፤ እሑድ ጠዋት ግን አብሮን መድረክ ላይ አይወጣም።

በሐዋርያት ሥራ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሰረገላው ላይ ያነብ የነበረው ይኸው የኢሳይያስ ክፍል ነው፤ ሉቃስ የሚጠቅሰው ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። ፊልጶስን የጠየቀውም ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን እንደሆነ ነው። ለተማሪዬ ወረቀቱን ስመልስለት ይህን ጥያቄ ጻፍኩበት። ከሥሩም «ኒጋሥ»ን ከግዕዝ ሳይሆን ከዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲፈልግ ጠቆምኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያመጣው ወረቀት «ንጉሥ» የሚል ቃል አልነበረበትም። ዘጸአት 3፥7ን አግኝቶ ነበር፤ እግዚአብሔር የሕዝቡን ጩኸት ከ«ኖጌሦቻቸው» የተነሣ እንደሰማ የሚናገርበትን። በዚያ የባሪያዎችን ጩኸት የሰማው አምላክ፣ በኢሳይያስ የላከው ባሪያ ራሱ በዚያው ቃል፣ በአስጨናቂ እጅ ሲወድቅና ሳይጮኽ ዝም ሲል አሳይቷል። ስብከቱ ካለፈው አጭር ነበር። በዳር ላይ የጻፍኩት የፊደል እርማት አንድ ብቻ ነው፤ «ኒጋስ» ብሎ በእሳቱ ሰ ጽፎት ስለነበር።